ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው መጋዘን

አዲስ አበባ፣ ጥር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀብሪል፣ መካነ ሰላም፤

እንዴት ሰነበትክ? ሀሊማ እንዴት ናት? ሩቂያስ ትምህርቷን ያዘች? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታውን ካሳጠርሁ አትቀየመኝ። ሹፌሩ ንጉሡ ደብዳቤህን ያደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው፤ መልሱን ተቀብሎ የሚመለሰውም ዛሬውኑ ነው።

የጠየቅኸኝን አስቀድሜ ልመልስ። አይደለም፤ ብርድ አይደለም። ምችም አይደለም። የእርዳታ ስንዴ በተከመረበት ቤት የሚሠራው ሰው ሁሉ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰውና ደረቱን ካፈነው፣ ምች የመጋዘን ሠራተኛ መርጦ አይመታም። በሽተኛውን ብቻ መርምሮ የሚሠራበትን ቤት የማይመረምር ሐኪም ግማሽ ሐኪም ነው እያልሁ ስጮህ ጠጉሬ ሸበተ። እዚህ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የሲሚንቶ ፋብሪካ እየዞርሁ ሠራተኛውን የሚጎዳውን ነገር እፈልጋለሁ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ሳገኘው ባለቤቱ ሻይ ይጋብዘኛል፤ አለቃዬ ደግሞ «ቀስ በል» ይለኛል። አንተ ግን ራስህ ጠይቀኸኛልና ቀስ አልልም።

ቆርቆሮው ላይ የራስ ቅል ተሥሏል፣ ውስጡ እንክብል ነው፣ ቤቱም ነጭ ሽንኩርት ይሸታል ካልኸኝ ሌላ ምልክት አልፈልግም። የነቀዝ መግደያ ነው። እንክብሉ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዙን ይገድላል፤ ሰውንም እንደዚያው። ሸራ የለበሰውን ክምር ማንም እንዳይነካው። ሁለቱንም በር ክፈትና ነፋስ እንዲያልፍበት አድርግ። ጠራጊዎቹ አፍንጫቸውን በጨርቅ ቢያስሩ ይበቃል ወይ ላልኸው፣ አይበቃም። ጨርቅ አቧራ ይይዛል እንጂ ይህን አይይዝም። ለሰው ጨርቅ ሰጥቶ አደጋው ውስጥ መተው የሰነፍ ዘዴ ነው፤ ሰውን ከአደጋው አርቅ።

ዘበኛው አምባቸው በክምሮቹ መሐል ያድራል ያልህበትን መስመር መላልሼ አነበብሁት። አውጣው። ይህን ደብዳቤ አጥፈህ ኪስህ ሳትከት ማለቴ ነው።

እህቴ ከምትኖርበት ከከላላ ወሬ አለህ? ወደ እታለም ሸጋዬ የላክሁት ሰው ሁሉ አጣኋት እያለ ይመለሳል። እናታችን ከሞተች በኋላ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ በዚህ ክፉ ዘመን የት እንዳለች አለማወቄ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አሻግሬ

*

መካነ ሰላም፣ ጥር 26 ቀን 1966 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ወንድሜ አሻግሬ፤

አላህ ጤናህን ይስጥህ፣ ቁጣህንም ትንሽ ይቀንስልህ። ሀሊማና ሩቂያ ሰላም ይሉሃል።

ደብዳቤህን ሳላጥፍ ሮጥሁ። አምባቸው ግን ባንድ ቀን ቀድሞኝ ነበር። ብርድና ሌባ ፈርቶ የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጭድና በእበት መርጎት፣ በክምሮቹ መሐል ጋቢውን ተከናንቦ ነው ያገኘነው። ሚስቱ ቦጋለች «ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም» ብላ ስታስቸግረን ዋለች። ነገሩ ከመድኃኒቱ ይሆን? እኔ መጋዘን ጠብቅ ተብዬ የተሾምሁ ነጋዴ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ። አንተ እወቅ።

ስለ ሽታው ግን የማውቀው አለ፤ ብነግርህ ትበሳጫለህ። በረሀብተኞቹ መጠለያ ተስቦ ገብቷል። እዚህ ደግሞ የሽንኩርት ሽታ ተስቦንም ቡዳንም ያባርራል ሲባል አድገናል፤ አንተም አንገትህ ላይ ታስሮልህ ነበር፣ አትካድ። ስለዚህ መጋዘኑ ሲሸት ሕዝቡ «መንግሥት መድኃኒት አጠነልን» አለ። ቆርቆሮው ላይ ያለውን የራስ ቅል ሲያዩም የራስ ምታት መድኃኒት ነው ብለው ተረጎሙት። እንግሊዝኛውን የሚያነብ አልነበረም። ራሳቸውን ሲያማቸው ወደ ክምሩ ይበልጥ ይጠጋሉ።

ትናንት ሀጀራ የምትባል ሴት ልጇን ታቅፋ በጓሮ በር ስትገባ ያዝኋት።

«የት ነው?»

«ልጄን ላሳጥነው።»

«ይህ ይገድላል፣ ሀጀራ።»

«እንዴት ይገድላል? የእርስዎ ጠራጊዎች ቀኑን ሙሉ ውስጥ አይደሉም እንዴ? ከመጠለያው ሰው ተስቦ ያልያዛቸው እነሱ ብቻ ናቸው።»

ወላሂ እውነቷን ነው፤ ጠራጊዎቹን ተስቦ አልያዛቸውም። የያዛቸው ሌላ ነው። ጠራጊዎቹን ለምን አላስወጣህም ትለኝ ይሆናል። የቀን ድርሻቸው የሚሰፈርላቸው ስለጠረጉ ነው፤ ካስወጣኋቸው ምን ይበላሉ? እህሉን እንዳላድል ደግሞ የማከፋፈያው ትእዛዝ ከደሴ አልመጣም። መች ይመጣል አትበለኝ።

የከላላውን ጠይቀኸኛል። እትዬ ሸጋዬ በሕይወት አሉ፤ ይህን አረጋግጫለሁ። ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን። አብሽር።

ጀብሪል

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 14 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀብሪል፤

ለአምባቸው ነፍስ ይማር። ለቦጋለችም መጽናናቱን ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው በሻማ አጠገብ አይደለም፤ ቢሮዬ ውስጥ በሥራ ሰዓት ነው። የሚሠራ ሰው ግን የለም። ታክሲ ቆሟል፣ መምህራን አልገቡም፣ ተማሪው መንገድ ላይ ነው። ያለ ሥራ የሚንጎራደደው ሁሉ «ምን ሰማህ?» ይለኛል። የሰማሁት ያንተን ነው፤ ብነግረውም አይሰማኝም።

አዎን፣ ከመድኃኒቱ ነው። ቀዳዳ በተደፈነ ቤት፣ ጋዝ በሚወጣበት ክምር ሥር የተኛ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? የጠራጊዎቹም ጎንበስ ብለው ስለሚሠሩ ነው። ጋዙ ወደ ታች ይጋደማል፤ እነሱም አፍንጫቸው እዚያው ነው።

ማን ነው ጥፋተኛው ትል ይሆናል። እኔ የምከተለው ሕግ ይህ ነው፤ መጀመሪያ አደጋውን ከሥሩ አስወግድ። እንክብሉ የገባው ነቀዝ ስለገባ ነው። ነቀዝ የገባው እህሉ ስለተቀመጠ ነው። እህሉ የተቀመጠው ትእዛዝ ስላልመጣ ነው። ሰው በር ላይ እየተራበ ነቀዝ በመጋዘን ይቀለባል፣ ከዚያ ነቀዙን እንግደል ብለው ሰው ይገድላሉ። ስንዴው በመጣበት ቀን ቢታደል ኖሮ ቆርቆሮው ባልተከፈተ፤ አምባቸውም በኖረ። ይህን ጽፌ ለሦስት መሥሪያ ቤት አስገብቻለሁ። አንዱ «የሚመለከተው ክፍል አይደለም» ብሎ መልሶልኛል።

አንተ ግን ትእዛዝ የማያስፈልገው ሥራ አለህ። ጠራጊዎቹን አስወጥተህ ድርሻቸው ሳይነካ በግቢው ውስጥ እህል እንዲያበጥሩ አድርግ። ከክምሩ ሥር የሚቀረውን አመድ ከውኃ ርቀህ ቅበረው። ለሕዝቡም አትለሳለስ። «ደግ አይደለም»፣ «ይከብዳል» እያልህ አታጠጋጋ። መርዝ ነው በል። በሩ ላይ በትልቁ መርዝ ብለህ ጻፍ። ማንበብ ለማይችለው በገበያ አስነግር። አሻግሬ ነው ያለው በል፣ እኔ እጠየቅበታለሁ። እውነት ግልጽ ሆኖ ከተነገረው ሰው ራሱን ይጠብቃል።

ስለ እታለም «ሌላውን ስንገናኝ» ያልኸው አልገባኝም። ታማ ከሆነ ታማለች በል። ከአንተ ጋር ስንተዋወቅ ቆየን፤ የምትደብቀው ነገር ሲኖር አብሽር ትላለህ።

አሻግሬ

*

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 6 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሻግሬ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ፤

ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ሰዉ ከመጋዘኑ ራቀ ወይ ብለህ በሹፌሩ በንጉሡ ልከህብኛል። ራቀ። እንዲያውም እጅግ ራቀ።

እንዳልኸው ጠራጊዎቹን አወጣሁ። በሩ ላይ ጻፍሁ፣ በቅዳሜ ገበያ አስነገርሁ። በማግስቱ የማከፋፈያው ትእዛዝ ከደሴ መጣ። የተሰማኝን ደስታ አትጠይቀኝ፤ ሱጁድ ወረድሁ። የተናፈሰውን ስንዴ አውጥቼ፣ ቁና አስቀምጬ ተቀመጥሁ። አንድም ሰው አልመጣም።

«መርዝ ነው ብላችሁ አስነግራችሁ፣ በማግስቱ ብሉ ትላላችሁ?» አሉኝ። ወሬው በአንድ ቀን ከላላ ደረሰ። ተማሪዎቹ ረሀባችን የተደበቀው ሊጨርሱን ነው ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ አምባቸውን ይጠሩብኛል። የሚጠሉት መንግሥት የላከው እህል፣ በላዩ መርዝ የሚል ቃል፣ በውስጡ የሞተ ሰው። አንተ ብትሆን ትበላለህ? ሥር እየማሱ ይበላሉ። የሀጀራ ትንሹ ልጅ ሐሙስ ዕለት ሞተ፤ በጋዝ እንዳይመስልህ፣ በረሀብ ነው። ሙሉ መጋዘን ፊት ለፊት።

እህሉ መርዝ አይደለም፣ ጋዙ ነው መርዙ ብዬ ብነግራቸው፣ አባ ያለው፣ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ፣ ምን አሉኝ መሰለህ? «አንተ ጀብሪል፣ እሳቱ ያቃጥላል፣ ድስቱ ግን አያቃጥልም ነው የምትለን?» እኔ ራሴ ልብላላችሁ አልሁ። «አንተማ ደሞዝተኛ ነህ፤ ማርከሻውን ቀድመህ ትውጣለህ» አሉኝ። ከዚያ ቆረጡት፤ «መርዝ ነው ብሎ የጻፈው ሰው መጥቶ፣ እኛ ፊት ይብላው።»

አሁን የደበቅሁህን ልንገርህ። እትዬ ሸጋዬ ከገና ጀምሮ እዚህ ናቸው። ባላቸው በተስቦ ሞተዋል፤ በሬዎቹም የሉም። መጋዘኑን ይጠርጉ ከነበሩት ሴቶች አንዷ እሳቸው ናቸው። ቤቴ ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። «ለወንድሜ ብትጽፍበት ዓይንህን አላይም፤ እሱ የተማረ ሰው ነው፣ እኔ መጥረጊያ ይዤ እንዳለሁ አይስማ» ብለው በቁርኣን አስማሉኝ። መስቀላቸውን ትተው በቁርኣን፤ የቱ እንደሚይዘኝ ያውቃሉ። መሐላዬን አፈረስሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ያፈረስሁት ትናንት ሽማግሌዎቹ ዘንድ ስለሄዱ ነው። «የጻፈው ወንድሜ ነው። እሱ ሩቅ ነው፤ እኔ የናቱ ልጅ ነኝ፣ እኔ እበላለሁ» ብለዋቸዋል። ተቀብለዋቸዋል። ምን ላድርግ?

ጀብሪል

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 14 ቀን 1966 ዓ.ም.

ጀብሪል፤

ሰላምታ የለኝም። ሁለት ወር ሙሉ እህቴ በዚያ ቤት ውስጥ ስትጠርግ፣ አንተ የገበያ ወሬ እንደሚነግር ሰው «በሕይወት አሉ» አልኸኝ። መሐላ ነበር አትበለኝ። ከሰው ሲያጣላኝ ለኖረ እውነት ስል ወዳጅ ያጣሁ ሰው እንደሆንሁ ታውቃለህ፤ አንተንም እንዳላጣ ከዚህ በኋላ አንድ ነገር አትሸሽገኝ።

መርዝ የሚለውን ቃል በግድ ያስጻፍሁህ እኔ ነኝ፤ አልክድም። ቃሉ ልክ ነው። ከጋዙ ጋር እህሉን አብሮ እንደሚይዝ አላሰብሁም። ረሀብተኛ ሰው ገለባውንና ፍሬውን ለይቶ የሚሰማበት ጊዜ እንደሌለው ከዚህ ቁጭ ብዬ አልታየኝም።

አሁን ስማ። የተናፈሰ ስንዴ፣ ታጥቦ ከተቀቀለ፣ ማንንም አይጎዳም። ብትበላው ምንም አትሆንም። የምፈራው መብላቷን አይደለም፤ መግባቷን ነው። ሁለት ወር የሳበችው ደረቷ ውስጥ አለ። አሁንም ሸራ የለበሰ ክምር አለህ ወይ? ካለህ ሸራው እንዳይነሣ። በጭራሽ። እሷ መጋዘኑን አልፋ እንዳትሄድ። ንፍሮው ከግቢ ካለው፣ ፀሐይና ነፋስ ካየው ጆንያ ይሁን። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ወደ ደሴ በመጀመሪያው መኪና።

እኔ ራሴ ልመጣ ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ሚኒስትሩ ተቀይሯል፣ አድማው ቢሮውን በትኖታል፤ የሚፈርምልኝ ሰው አጣሁ። ሳይፈርሙም እመጣለሁ። እኔ እስክደርስ አቆያቸው። መብላት ካለበት የጻፈው ይብላ።

አሻግሬ

*

መካነ ሰላም፣ መጋቢት 29 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአሻግሬ፤

አላህ ሰላምህን ያብዛው። እኛ ደህና ነን። ሩቂያ የምታልባት ላም ከመሞቷ በቀር ከብቶቹ ደህና ናቸው። ትንሽ ጥሏል፤ የበልጉ ገብስ ብቅ ብሏል። ኩታበር በኩል ያለው መንገድ በጭቃ ተይዞ ነበር፣ አሁን ተከፈተ። ደብዳቤህ የደረሰኝም ሲከፈት ነው። ይህን ሁሉ የምደረድረው እጄ ወደሚቀጥለው መስመር አልሄድ ስላለኝ ነው። ቁጭ ብለህ አንብብ።

ደብዳቤህ እስኪደርስ ሰው አልጠበቀኝም። በመጠለያው በየቀኑ ይቀበር ነበር። ለጋራ ጸሎት ወዳጃ ጠራሁ፤ ሼኩም፣ ቄስ ምናለም በመጋዘኑ ግቢ ተቀመጡ። ሕዝቡ ከግቢው ሞልቶ በአጥር ላይ ነበር። ከፀሐይ የዋለውን ጆንያ አስመጣሁ። አባ ያለው እጃቸውን አነሡ።

«አንተ የመረጥኸውን አይደለም። እኛ የምንጠቁመውን።»

የጠቆሙት ሸራ የለበሰውን ነው። ዕድላችን ሆነና እሱ ብቻ ነበር ከሩቅ የሚታየው።

«እሱ ገና ነው፣ አባ። አልተናፈሰም።»

«አያችሁ» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው።  ሰዉ መነሣት ጀመረ።

ያን ጊዜ እትዬ ሸጋዬ ቁናውን ይዘው ተነሡ። መንገዱን ዘጋሁባቸው። «አንተ፣ ልጅ ሆነህም መንገድ ትዘጋለህ፣ አርጅተህም» ብለው ገፉኝ። ተሸካሚዎቹ አንዱም አልተከተላቸውም። በሩን ሁለቱንም አስከፈትሁ፤ ሸራው የታሰረበት ገመድ ግን ጠብቆ ነበር፣ ፈትተው እስኪወጡ ቆዩ። ገብቼ መጎተት ነበረብኝ። አልገባሁም። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው «ከተመለሱ ሕዝቡ ይሄዳል» የሚለው ብቻ ነበር። ይህን እንድታውቅ ነው።

ጾም ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ድረስ ጠበቅን። ንፍሮው ወጣ። ሼኩ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩ። እትዬ በሉ። ሰው ሁሉ አፋቸውን ያያል።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አሉ። «ሙሽራ መሰልኋችሁ? ጨው ያለው አምጡልኝ፣ የመንግሥት ስንዴ ጣዕም የለውም።»

ሰው ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅ ሰማሁ። ግድግዳውን ተደግፈው እስከ ማምሻ እዚያው ተቀመጡ፤ እንዲያዩአቸው ነው። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ነበር። «ብርድ ነው» ይላሉ። ወደ ቤቴ ስወስዳቸው ነጠላውን ገለጥ አደረግሁት፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። በግቢው አንድ ጊዜ እንኳ አላስመለሱም። ከቤቴ ደጃፍ ሲደርሱ ነው የጀመራቸው። መኪና አልነበረም።

በማግስቱ ሕዝቡ ቁናውን፣ ስልቻውን ይዞ ተሰለፈ። ሀጀራ ከፊት ነበረች። እስከ ዛሬ እያደልሁ ነው። እትዬ ግን በሦስተኛው ቀን አረፉ። ከስንዴው አይደለም፤ ሸራውን ሲያነሡ ከሳቡት ነው። ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ሕዝቡ ግን አያውቅም፤ ቢሰማ «በልታ ሞተች» ነው የሚለው፤ ሰልፉ በዚያው ቀን ይበተናል።

ስለዚህ ከመጠለያው ሙታን ጋር ቀበርናቸው። ስማቸውን ለቄስ ምናለ ብቻ ነገርሁ፤ ፍትሐቱን በልባቸው አደረሱ። ለሰው «ከላላ ተመለሱ» አልሁ። ሀሊማ አላለቀሰችም፤ አፏን በጋቢ ይዛ ዋለች።

ወንድሜ፣ የምለምንህ ይህ ነው። አትምጣ። ጥቁር አትልበስ። ለቅሶ አትቀመጥ፤ አዲስ አበባ ያለ የወሎ ቦረና ሰው በሳምንት ውስጥ ወሬውን እዚህ ያደርሰዋል። አዝመራ እስኪገባ ድረስ። ሰዎች «ያ የጻፈው ወንድሟ ስለ እህቱ ለምን ዝም አለ?» ማለት ጀምረዋል። በግቢው በሁሉ ፊት የማነበው አንድ ደብዳቤ ጻፍልኝ። በሕይወት ላለ ሰው እንደሚጻፍ አድርገህ ጻፈው። እውነት ካልተነገረ የምትታመም ሰው መሆንህን እያወቅሁ ነው የምጠይቅህ።

ጀብሪል

*

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበርኸው ወንድሜ ለጀብሪል፣ በመካነ ሰላም መጋዘን፤

እንደምን ከረምህ? ሀሊማና ሩቂያ፣ አባ ያለው፣ ቄስ ምናለና ሼኩ፣ በግቢው ያላችሁ ሁሉ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ጾሙን በሰላም ፈታሁ።

ስለ ስንዴው ለጠየቃችሁኝ፣ ታጥቦና ተቀቅሎ፣ ወይም ተፈጭቶ ተጋግሮ የሚበላ ደግ እህል ነው። መርዝ ያልሁት ክምሩ ሸራ ለብሶ ሳለ የሚሸተውን አየር ነው፤ እህሉን አይደለም። አሁንም ያንኑ እላለሁ። ያ ሽታ ባለበት ማንም አይግባ፤ ልጅም አይታቀፍበት። ተስቦ አያባርርም። ጀብሪል፣ ከዛሬ ጀምሮ ቆርቆሮዎቹን ሳትከፍት ለደሴ መልሳቸው፤ ለማን አስረከብህ ብለው ቢጠይቁህ በእኔ ስም ጻፍ። እህሉ ከታደለ ነቀዝ የሚኖርበት የለም።

እህቴ እታለም ሸጋዬ ከላላ በሰላም መግባቷን የገበያ ሰው ነግሮኛል፤ ደስ ብሎኛል። እናንተ ፊት ስለ እኔ ስትበላ መዋሏንም ሰማሁ፤ ልጅ ሆኜም ከእኔ ድርሻ ስትበላ አይቻት አላውቅም፣ የሷን ነበር የምትሰጠኝ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ ሰላም በሉልኝ። ብዙ የምነግራት አለኝ፤ በደብዳቤ ግን አይሆንም። ክረምቱ ሩቅ አይደለም፣ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱም ይበላሻል። ስለ እኔ ብላ እንዳትቸገር፤ እኔ አዝመራው እንደገባ እመጣለሁ። እስከዚያ ካለችበት እንዳትነሣ።

ወንድማችሁ
አሻግሬ